ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ዝም ያለው ሴል

ቅሬታው ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ነበር። «እኔ እሰማዋለሁ፣ እሱ ግን አይሰማኝም።» ስልኩ ላይ ያሉት ዘንጎች ሙሉ ናቸው። ቪዲዮ ይከፈታል። ፎቶ ልላክ ሲሉ ግን ክቡ ይዞራል፣ ይዞራል፣ አይሄድም። ሲደውሉም ከአምስት ቃል ሁለቱ ይዋጣል። ሰፈሩ ኮረብታማ ነው፣ ሰባት ሳይት (የማማ ጣቢያ) ዙሪያውን ያቅፈዋል፣ ኮንዶሚኒየሙና አዳዲሶቹ ፎቆች ቁልቁል ያዩታል። ማማው ለስልኩ ሲናገር ችግር የለም። የጠፋው ስልኩ ለማማው የሚመልሰው ነው።

ከመካከለኛው ሳይት በአንደኛው ሴል (ማማው በአንድ አቅጣጫ የሚሸፍነው ቀጠና) ላይ ምሽት 2 ሰዓት የተነበበው የአፕሊንክ፣ ማለትም ከስልክ ወደ ማማ የሚሄደው መንገድ፣ ኖይዝ ወይም ጫጫታ በአንድ ሪሶርስ ብሎክ (ለስልኮች የሚከፋፈለው የባንዱ ቁራጭ) -107 ዲቢኤም ነበር። 0 ዲቢኤም አንድ ሚሊዋት ነው፤ ቁጥሩ በ10 ዴሲቤል በወረደ ቁጥር ኃይሉ አሥረኛ እጅ ይሆናል። መሆን የነበረበትን ለማወቅ ስሌቱ አጭር ነው። የሙቀት ኖይዝ በአንድ ኸርዝ -174 ዲቢኤም ነው። አንድ ሪሶርስ ብሎክ 180 ኪሎኸርዝ ስፋት ስላለው 52.6 ዴሲቤል ይጨመርበታል፣ -121.4 ይሆናል። ደህና የሚባል ተቀባይ ከራሱ 2.5 ዴሲቤል ያህል ቢያክልበት -119 ገደማ ላይ እናርፋለን። እንግዲህ -107 ማለት ከዚህ 12 ዴሲቤል በላይ ነው፣ 16 እጥፍ ገደማ። በዚህ ሁሉ ጫጫታ መሃል ነው ማማው የአንዲት ስልክ ድምፅ ለይቶ እንዲሰማ የሚጠበቅበት።

ሲያብሰለስለኝ የቆየው ግን ቁጥሩ ሳይሆን ቀድሞ የተሰጠው መድኃኒት ነው። ከሁለት ወር በፊት ይኸው ቅሬታ ሲመጣ አንድ ሴል ላይ ፒ-ዜሮ፣ ስልኩ የሚያወጣውን ኃይል ሲያሰላ የሚነሳበት ቁጥር፣ ከ-86 ወደ -80 ከፍ ተደርጎ ነበር፤ ስልኮቹ ጮክ ብለው እንዲናገሩ። አንድ ሳምንት ሠራ። ከዚያ ጎረቤቱ ሴል ታመመ፣ እሱም ከፍ ተደረገለት። ቀጥሎ ሦስተኛው። በሁለት ወር ውስጥ ሰባቱም ሳይት -80 ላይ ተገናኙ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ በዴሲቤል ሲጻፍ ይህን ይመስላል።

መገናኛ ታክሲ ተራ በሥራ መውጫ ሰዓት የቆመ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። አንዱ ወያላ፣ ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ብሎ፣ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። አጠገቡ ያለው እንዳይዋጥ ይብሳል። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሁሉም ጉሮሮው እስኪነቃ እየጮኸ ነው፣ ተሳፋሪው ግን «ቦሌ» ይሁን «ጉርድ ሾላ» የሚለየው በፊት ከነበረው በባሰ ችግር ነው።

ስልኩ በምን ይወስናል?

ኦፕቲማይዜሽን፣ ማለትም ኔትዎርክ የማስተካከል ሥራ፣ ላይ ተቀምጦ ፎርሙላውን የማያውቅ የለም። ስህተቱ የሚደበቀው ግን ቁጥሮቹ በቃል ሲተረጎሙ ነው፣ ስለዚህ በቃል ልበለው። ስልኩ በአንድ ብሎክ የሚያወጣው ኃይል ፓዝ ሎስ (ሲግናሉ መንገድ ላይ የሚያጣው) በአልፋ ተባዝቶ ፒ-ዜሮ ሲደመርበት ነው። በዚያ ላይ የብሎኮቹ ብዛት ይታከላል፤ ለ10 ብሎክ 10 ዴሲቤል፣ ለ50 ብሎክ 17 ዴሲቤል። ማማው እየቆየ የሚልካቸው ትንንሽ ማስተካከያዎችም አሉ። ድምሩ 23 ዲቢኤም፣ ማለትም 200 ሚሊዋት፣ ላይ ከደረሰ እዚያው ይቆረጣል። አልፋ 1 ከሆነ ስልኩ መንገድ ላይ የሚጠፋውን ሁሉ ይክሳል። 0.8 ከሆነ ከአምስት አራት እጁን ብቻ ይክሳል፤ ስለዚህ ሩቅ ያለው ደከም ብሎ፣ ቅርብ ያለው በርታ ብሎ ይደርሳል። ይህ ታስቦበት የተደረገ ነው። ሩቅ ያለው ስልክ የሴሉ ዳር ላይ ነው፣ ዳር ላይ የጮኸ ደግሞ መጀመሪያ የሚረብሸው ጎረቤትን ነው።

2ጂ በዚህ በኩል ቀላል ዘመን ነበር። ስልክ ሊጠራ ሲል ቴፑ ወይም ሬዲዮው ቀድሞ «ድድ-ድት፣ ድድ-ድት» ሲል ትዝ ይላችሁ ይሆናል። በ900 ሜጋኸርዝ የእጅ ስልክ እስከ 2 ዋት ያወጣ ነበር፣ ከማማው ጋር ሲተዋወቅም የሚጀምረው ከተፈቀደለት ጣሪያ ነው። ያንን ነበር ቴፑ የሚያሰማን። 3ጂ ሲመጣ ሁሉም ስልክ በአንድ ፍሪኩዌንሲ፣ በአንድ ጊዜ ስለሚናገር ማማው ሥር የቆመው ሩቅ ያለውን እንዳይውጠው በሴኮንድ 1500 ጊዜ «ጨምር፣ ቀንስ» ይባል ነበር። በ4ጂ አንድ ሴል ውስጥ ያሉ ስልኮች ብሎክ ብሎክ ተከፋፍለው ስለሚናገሩ ያ ጥድፊያ ቀርቷል። ጠቡ ወደ ሴልና ሴል መካከል ሄዷል፤ ሴሉ ደግሞ የጎረቤቱን ስልኮች ማዘዝ አይችልም።

አንድ ነገር እዚህ ጋ መጣራት አለበት። ስልኩ ፓዝ ሎስን በቀጥታ አይለካም፣ ያሰላዋል። ማማው «የሪፈረንስ (የመለኪያ) ሲግናሌ ኃይል ይህን ያህል ነው» ብሎ በሁለተኛው የሲስተም መረጃ ብሎክ ያውጃል፣ ስልኩ ከዚያ ላይ ራሱ የተቀበለውን ይቀንሳል። ለምሳሌ 40 ዋት በ20 ሜጋኸርዝ ከሆነ 46 ዲቢኤም ለ1200 ሰብካሪየር (ንዑስ ሞገድ) ሲከፋፈል 15.2 ይሆናል፤ ሪፈረንሱ በ3 ዴሲቤል ከፍ ከተደረገ 18.2። በትክክል የሚወጣው 15.2 ሆኖ የታወጀው 18.2 ቢሆን ስልኩ ሁሉ መንገዱ በ3 ዴሲቤል የከፋ መስሎት በአልፋ 0.8 ሂሳብ 2.4 ዴሲቤል ያለ ምክንያት ይጨምራል። ኬብል ተቀይሮ፣ ሬዲዮው ወደ ማማው ጫፍ ወጥቶ፣ ወይም ሕንፃ ውስጥ አንቴና ተበትኖ የታወጀው ቁጥር እንደ ድሮው ሲቀር የሚታይ ነገር ነው። በነዚህ ሰባት ሳይቶች ላይ ግን የታወጀውና የሚወጣው አንድ ነበር።

ሌሊት 9 ሰዓት

ነገሩን የገለበጠው በጣም ተራ ግራፍ ነው። የሰባት ቀን የአፕሊንክ ኖይዝ፣ በየሰዓቱ። እስከዚያ ድረስ የሚታየው የከፋው ሰዓት ቁጥር ብቻ ነበር፣ ምክንያቱም ሪፖርቱ የሚጠይቀው እሱን ነው። ሙሉው ሳምንት ሲዘረጋ ምሽት 2 ሰዓት -107፣ እኩለ ቀን -110፣ ሌሊት 9 ሰዓት ደግሞ -118። ሌሊት ላይ ሴሉ ጤነኛ ነው። ሰባቱም ቀን እንዲሁ።

እስከዚያ ሰዓት ድረስ ሁሉም የሚፈልገው የውጭ ጠላት ነበር። አንድ ቦታ ቡስተር (ሲግናል ማጉያ) ተሰቅሏል፣ አንድ መሥሪያ ቤት ጃመር (ሲግናል ማፈኛ) አብርቷል ይባል ነበር። ግን ቡስተር አይተኛም፣ ጃመርም እንደዚሁ። ሰው ሲተኛ የሚተኛ ጫጫታ ሰው የሚሠራው ነው።

እዚህ ላይ ቶሎ መደምደም አደገኛ ነው። ከሰው ጋር የሚተኛ ሌላ በሽታም አለ። የዛገ ወይም በደንብ ያልጠበቀ ኮኔክተር የዳውንሊንኩን (ከማማ ወደ ስልክ የሚሄደውን) ድግግሞሾች እያቀላቀለ አፕሊንኩ ላይ የሚተፋው ጫጫታ ነው፣ ፒም የሚሉት። እሱም ዳውንሊንኩ ሲሞላ ይነሳል፣ ሲቀንስ ይወርዳል፤ በሰዓት ግራፍ ብቻ ከስልኮች ጫጫታ አይለይም። መለያው ቀላል ነው። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ሰው በሌለበት ዳውንሊንኩን በሰው ሠራሽ ጭነት መሙላትና አፕሊንኩን ማየት። ኖይዙ አብሮ ከዘለለ ቁልፍ ይዞ ማማ ላይ መውጣት ነው። ሁለቱ የአንቴና ፖርቶች የሚያነቡትም ቢራራቅ ጥርጣሬው ወደ አንዱ ኬብል ያጋድላል። እዚህ ሴል ላይ ጭነቱ 100 በመቶ ተሞልቶም ኖይዙ -118 ላይ ቀረ፣ ፖርቶቹም እኩል ነበሩ።

በብሎክ በብሎክ ማየትም ይረዳል። ጥቂት ብሎኮች ብቻ ቀን ከሌት ከፍ ካሉ ጠባብ የውጭ ምንጭ አለ ማለት ነው። በባንዱ ሁለት ጫፍ ያሉት ብሎኮች ከፍ ማለታቸው ግን አያስደነግጥ፤ የመቆጣጠሪያ ቻናሉ የሚያርፈው እዚያ ስለሆነ ኔትዎርኩ ደህና ሆኖም ያንን ቅርፅ ይይዛል። የዚህኛው ሴል ጫጫታ መሃሉን ሁሉ እኩል የሸፈነ ነበር፣ የተልባ ማሳ የመሰለ።

እና የራሳችን ስልኮች ናቸው። የትኞቹ?

ጣሪያውን የነካው አይጮኽም

ሁለት ስልክ እንውሰድ። አንደኛው የሴሉ ዳር ላይ ነው፣ የሚቀበለው -110 ዲቢኤም። ማማው 18.2 ነኝ ስላለው ፓዝ ሎሱን 128.2 ብሎ ያሰላል። በአልፋ 0.8 እና በፒ-ዜሮ -86፣ ለአንድ ብሎክ የሚያስፈልገው 16.6 ዲቢኤም ነው። ጣሪያው 23 ስለሆነ 6.4 ዴሲቤል ይተርፈዋል፤ ይህ 4 ብሎክ ይገዛለታል። ፒ-ዜሮ ወደ -80 ሲወጣ ለአንድ ብሎክ 22.6 ይፈልጋል። የቀረው 0.4 ዴሲቤል ነው፤ አንድ ብሎክ፣ በቃ። ማማው ቀድሞ እንደለመደው 4 ብሎክ ቢሰጠው 28.6 ያስፈልገዋል፣ የለውም። 23 ላይ ተቆርጦ «5.6 ዴሲቤል ጎድሎኛል» የሚል የሄድሩም ሪፖርት ይልካል። (ሪፖርቱ ከ-23 እስከ +40 ዴሲቤል ይናገራል፤ ከዜሮ በታች ሲሆን ስልኩ የተጠየቀውን መስጠት አልቻለም ማለት ነው።)

ይህን ሂሳብ ሳይ ነው ቆም ያልኩት። ከፒ-ዜሮ መጨመር በፊትም በኋላም ይህ ስልክ የሚያወጣው ያው 200 ሚሊዋት ገደማ ነው። አንድ ሚሊዋት አልተጨመረለትም። ሊረዱት የጨመሩለት ቁጥር ያደረገው ያለችውን ኃይል ከአራት ብሎክ ወደ አንድ ብሎክ ማጨቅ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ስልክ ቅርብ ነው፣ ፎቅ ላይ፣ ፓዝ ሎሱ 95። በ-86 ለአንድ ብሎክ -10 ዲቢኤም ይበቃዋል፤ 50 ብሎክ ይዞ እንኳ ጠቅላላው 7 ዲቢኤም፣ 5 ሚሊዋት ነው። በ-80 ግን 13 ዲቢኤም፣ 20 ሚሊዋት ይሆናል። ጣሪያው ሩቅ ስለሆነ ጨምር ሲሉት ይጨምራል። ማማው ጋ የሚደርሰው በብሎክ ከ-105 ወደ -99 ወጣ፤ ንጹህ ወለል፣ ማለትም ያለ ረብሻ ጫጫታው የሚቀመጥበት -119፣ ላይ ከ14 ዴሲቤል ወደ 20 ዴሲቤል ማለት ነው። ያ 6 ዴሲቤል ምን ያደርግለታል? ካቴጎሪ 4 እና ከዚያ በታች የሆኑ የ4ጂ ስልኮች አፕሊንክ ላይ ከ16 ኳም ሞጁሌሽን (በአንድ ምልክት 4 ቢት መጫን) አያልፉም። ከ15 ዴሲቤል በላይ የሚሰጣቸው አብዛኛው ትርፍ ነው።

ትርፉ ግን ባዶ ቦታ ላይ አይፈስም። ፎቅ ላይ ያለ ስልክ በመስኮት ሦስት አራት ማማ ያያል፤ ወደ ጎረቤቱ ያለው ፓዝ ሎስ ከራሱ ማማ 10 ዴሲቤል ብቻ ቢብስ፣ 105 ነው። በ-86 ጎረቤቱ ጋ -115 ሆኖ ይደርሳል፤ ከ-119 ወለል ጋር ሲደመር -113.5። በ-80 ግን -109 ሆኖ ይደርስና ወለሉን ወደ -108.6 ያወጣዋል። ምሽት ላይ ግራፉ ላይ የተነበበው -107 ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ስለዚህ ፒ-ዜሮ ሲጨምር የሚጮኸው ሩቅ ያለው ምስኪን አይደለም። እሱ ድሮም ጣሪያው ላይ ነበር፤ ስልኩ የሚሞቀው፣ ባትሪው ከሰዓት የሚያልቅበት ለዚህ ነው። የሚጮኸው ምንም ያልጎደለው፣ ቅርብ ያለው፣ ከፍ ያለ ቦታ የተቀመጠው ነው። የጩኸቱን ዋጋ የሚከፍለው ደግሞ የጎረቤት ሴል ዳር ላይ ያለው፣ ጨምር ቢሉት የሚጨምረው የሌለው ስልክ ነው። እንደኔ ይህ መለኪያ ስሙ ያሳስታል። ኃይል የሚጨምር ይመስላል፣ በተግባር ግን የሚወስነው የትኛው ስልክ ስንት ብሎክ እንደሚያገኝና ወለሉ የት እንደሚቀመጥ ነው።

መውረድ

መልሱ መቀነስ እንደሆነ ከታወቀ በኋላ የመጀመሪያው ሙከራ ምንም አላመጣም። ፒ-ዜሮ በ2 ዴሲቤል ወረደ፣ ወለሉ ግን ንቅንቅ አላለም። ምክንያቱ ሌላ ሜኑ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ማማው ስልኮቹን እየተከታተለ የሚያርምበት የዝግ ዑደት መቆጣጠሪያ 20 ዴሲቤል ሲግናል-ለ-ኖይዝ እንዲያሳድድ ታዞ ነበር። ፒ-ዜሮ 2 ሲቀንስ እሱ በትእዛዝ 2 መልሶ ይሞላዋል። ትእዛዞቹ አራት ናቸው፦ 1 ቀንስ፣ ባለህ እርጋ፣ 1 ጨምር፣ 3 ጨምር። ሲወጣ በሦስት፣ ሲወርድ በአንድ መሆኑን ልብ በሉ። ጣሪያ የነካ ስልክ «ጨምር» የሚለውን መቁጠር ያቆማል፣ ስለዚህ ይህ ዑደትም የሚያስጮኸው ያንኑ ቅርብ ያለውን ነው። ግቡ ወደ 14 ከወረደ በኋላ ነው ፒ-ዜሮን መንካት ትርጉም ያገኘው።

ሁለተኛው ነገር፣ አንድ ሴል ብቻውን መውረድ የለበትም። ጎረቤቶቹ -80 ላይ ሆነው እሱ -86 ቢሆን የራሱ ስልኮች ዝግ ብለው ይናገራሉ፣ የሚሰማው ጫጫታ ግን ያው ነው፤ የሚጎዳ እሱ ብቻ ይሆናል። «ሞክረነው ነበር፣ ባሰ» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ሲሆን ነው። ሰባቱም ሳይት በአንድ ሌሊት፣ በ2 ዴሲቤል፣ ከዚያ አንድ ሙሉ ሳምንት ዝም ብሎ ማየት። ሰኞን ከሰኞ፣ ቅዳሜን ከቅዳሜ ማነጻጸር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ -80 ላይ የተደረሰውም በችኮላ በተለወጠ ቁጥር ነበር።

በየሳምንቱ የሚታዩት አራት ነገሮች ነበሩ። ከዜሮ በታች የሆኑ የሄድሩም ሪፖርቶች ድርሻ፤ መውረድ አለበት። የአፕሊንክ አማካይ የሞጁሌሽን ደረጃ፤ ቢያንስ ባለበት ይቆይ። በቮልቲ (በ4ጂ በሚሄድ የድምፅ) ጥሪ አፕሊንክ ላይ የሚጠፉ ፓኬቶች። እና የደካሞቹ ፍጥነት፤ አማካዩን አይደለም፣ ከመቶ ታችኛዎቹን አምስት። አማካይ ፍጥነት የፎቆቹን ሰዎች ነው የሚያወራው።

የመቆጣጠሪያ ቻናሉ አልተነካም። እሱ የራሱ ፒ-ዜሮ አለው፣ ፓዝ ሎስንም ሙሉ በሙሉ ይክሳል፤ ሁለቱን አደባልቆ ያወረደ ሰው ጥሪ እየተቆረጠ ይቀበለዋል። ስልኩ መጀመሪያ ሲያንኳኳ የሚጠቀምበትም ለብቻው ነው። ማማው ጋ በ-104 እንዲደርስ፣ ካልተመለሰለት በ2 ዴሲቤል እየጨመረ እስከ 10 ጊዜ እንዲያንኳኳ ተደርጎ የተሞላ ነበር፤ ያም ባለበት ቀረ።

በሦስት ሳምንት -86 ላይ ተደረሰ፣ የምሽቱ ወለል -113 ሆነ። አራተኛው ሳምንት ላይ -88 ተሞከረ። ወለሉ ከዚያ በላይ አልወረደም፣ መሃል ላይ ያሉት ስልኮች ሞጁሌሽን ግን መውረድ ጀመረ። ወደ -86 ተመለሰ፣ ተተወ።

የቀረው ሴል

አንድ ሴል ብቻ ከሌሎቹ ጋር አልወረደም። ሌሊት 9 ሰዓት ላይም -111 ነበር። ወለሉ ሁሉ ከፍ ባለበት ጊዜ ይህ ከሌሎቹ አይለይም ነበር፤ ሌሎቹ ዝም ሲሉ ብቻውን ሲያወራ ተያዘ። በአቅጣጫ አንቴና ሲፈለግ የተገኘው ጣሪያ ላይ ነው፣ ቡስተር፣ ማማውን ፊት ለፊት እያየ።

ሂሳቡ ይኸው፦ የሙቀት ኖይዙ -121.4፣ ማጉያው ከራሱ የሚያክለው 5፣ ጌይኑ (የሚያጎላበት መጠን) 80፣ ወደ ማማው ያለው ኪሳራ 75። ማማው ጋ -111.4 ሆኖ ይደርሳል፣ ከወለሉ ጋር ተደምሮ -110.7። ማንም ሳይደውልበት፣ ሌሊት ሙሉ። ይህን 8 ዴሲቤል የሚከፍለው ሴሉ በሙሉ ነው፤ በከተማ የተለመደ የመዳከም ፍጥነት የአፕሊንኩ ራዲየስ ወደ 60 በመቶ ገደማ ይወርዳል።

መንቀል አላስፈለገም፤ ሕንፃው ውስጥ ያለ እሱ ኔትዎርክ አልነበረም። ጌይኑ በሁለቱም አቅጣጫ ከ80 ወደ 65 ተቀነሰ። በሁለቱም መሆኑ ግድ ነው። አፕሊንኩ ብቻ ቢቀነስ ስልኩ በዳውንሊንኩ ተታሎ መንገዱ አጭር ይመስለዋል፣ ከሚገባው 12 ዴሲቤል ዝቅ ብሎ ይናገርና ድምፁ መንገድ ላይ ይቀራል። ጣሪያ ላይ ያለው አንቴናና ውስጥ ያለው አንቴና መካከል ያለው መለያየትም ቢያንስ ከጌይኑ በ15 ዴሲቤል መብለጥ አለበት፣ አለበለዚያ ማይክና ስፒከር ሲተያዩ እንደሚጮኸው ይጮኻል። ለ65 ጌይን 80 ዴሲቤል መለያየት ይበቃል፤ አንቴናው ከአሳንሰሩ ክፍል ግድግዳ ጀርባ ሲዞር ተገኘ።

የቡስተሩ ኖይዝ ማማው ጋ -126.4 ሆነ፣ የሴሉ የሌሊት ወለል ወደ -118 ወረደ። ሕንፃው ውስጥ ያሉት ስልኮች ላይ የሚታየው ዘንግ ከአምስት ወደ ሦስት በመውረዱ ጥበቃው በማግስቱ «ኔትዎርኩን ቀነሳችሁብን» ብሎ ደወለ። ከዚያው ሕንፃ ውስጥ ሆኖ ነው የደወለው፤ አንድም ቃሉ አልተዋጠም።